ላልነበረው ሰው ማስቀመጥ

የቴክኖሎጂ ባለሙያ ሥራውን የሚመዝነው ምን ያህል እንዳልጠፋ ቆጥሮ ነው። ሰርቨሩ አልወደቀም፤ ባክአፑ በየሌሊቱ ይወሰዳል፤ ዲስኩ ገና ግማሹ ባዶ ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ መረጃ ደህና ነው ተብሎ ይታደራል። አንድ ቀን የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ይመጡና ከዓመታት በፊት ስለ አንድ መጋዘን ኪራይ የተጻፈ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለባቸው። ደብዳቤው ዲስኩ ላይ ስለመኖሩ ማንም አይጠራጠርም፤ የሚያወጣው ግን የለም። ስሙ «ስካን 0417» ነው፤ ያለበት ፎልደር «አዲስ ፎልደር 3» ይባላል፤ ስካን ያደረገችው ልጅ ሥራ ከለቀቀች ቆይታለች።

የዕውቀትና የኢንፎርሜሽን አስተዳደር የሚባለው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ለኮምፒውተር ሰው ምን ይጠቅመዋል ብለው ለሚጠይቁኝ ባልደረቦች የምመልሰው ከዚህች ደብዳቤ ተነሥቼ ነው። እኔም ወደ ትምህርቱ የገባሁት ከዳታቤዝ ሥራ ነው። ከእኔ ጋር የተቀመጡትም አብዛኞቹ ከኔትወርክና ከፕሮግራሚንግ የመጡ፣ አዲስ መሣሪያ ለመያዝ የጓጉ ሰዎች ነበሩ። የተሰጠን ግን ሌላ ነው፤ ካታሎግ፣ ኢንዴክስ፣ ምደባ፣ የመዛግብት አያያዝ። ብዙዎቹ የቤተ መጻሕፍት ሰው ሥራ ነው ብለው አለፉት። እኔ ግን የትምህርቱ ልብ እዚያ ያለ ይመስለኛል። አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ያስጠይቃል፤ ይህን ነገር ዛሬ እዚህ ያልነበረ ሰው፣ ለእኔ ስልክ ሳይደውል፣ በምን ያገኘዋል?

በአገራችን ይህ ትምህርት አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዩኔስኮና በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤትን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ከመጀመሯ ሰባት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ስለ ፍለጋና ስለ አመዳደብ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ማስተማር ሲጀመር የምንፈልግበት ድር ገና አልነበረንም። ይህን ቅደም ተከተል እወደዋለሁ። ጥያቄው ከመሣሪያው በፊት የነበረ መሆኑን ያሳያል።

ወደ ደብዳቤዋ ልመለስ። የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከአናቱ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ለማን እንደተጻፈ ይናገራል፤ ከዚያ «ጉዳዩ» ብሎ በአንድ መስመር ስለምን እንደሆነ ይነግራል፤ ከግርጌው ግልባጭ የተደረገላቸው ይዘረዘራሉ። ከመዝገብ ቤት ሲወጣ በወጪ መዝገብ ይመዘገባል፤ ያደረሰው ሰው ሸክኒው ላይ ያስፈርማል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ደብሊን በምትባል ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የኤሌክትሮኒክ ሰነድን ለመግለጽ የሚበቁ መሠረታዊ መስኮች የትኞቹ ናቸው ብለው መክረው ነበር። ደብሊን ኮር የሚባለው የ15 መስኮች ዝርዝር የተገኘው ከዚያ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ አርእስት፣ ጉዳይ፣ አዘጋጅ፣ ቀን፣ መለያ ቁጥር ይገኛሉ። የመዝገብ ቤት ሠራተኞቻችን በእጃቸው ሲጽፉት የኖሩት ይኸው ነው። ወረቀቱን ወደ ኮምፒውተር ስናስገባ ግን ምስሉን ወስደን መግለጫውን እንተወዋለን። የስካን ሥራ ጨረታ የሚወጣው በገጽ ብዛት ስለሆነ «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር ለሚተይብ ሰው የሚከፈል ገንዘብ በበጀቱ ውስጥ የለም። ሐሳቤን የሚጠይቀኝ መሥሪያ ቤት ሲኖር የምመክረው የበጀቱ ግማሽ ለመግለጫው እንዲመደብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይደነግጣሉ።

ከመስኮቹ ሁሉ ቀላል የሚመስለው ቀን ነው። አንድ ሰነድ ላይ 03/01/2005 ተብሎ ተጽፏል እንበል። መስከረም 3 ቀን 2005 ዓ.ም. ከሆነ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 13 ቀን 2012 ላይ ይውላል። አውሮፓዊ ካነበበው ጃንዋሪ 3 ቀን 2005 ነው፤ አሜሪካዊ ካነበበው ማርች 1 ቀን 2005። ሦስቱም ትክክለኛ ቀኖች ስለሆኑ ዳታቤዙ አንዱን ይዞ ዝም ይላል። ጳጉሜን ደግሞ ይብሳል። 05/13/2003 የሚል ጽሑፍ ለእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 2003 ነው፤ አሜሪካዊ አጻጻፍ እንዲጠብቅ የተዘጋጀ ሲስተም ግን 13ኛ ወር አያውቅምና ሜይ 13 ቀን 2003 ብሎ ይቀበለዋል። ሰነዱ ከስምንት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ፤ ማንም አላየውም፤ የስሕተት መልእክትም አልወጣም። ውል፣ ይርጋ፣ የጡረታ አበል የሚሰላው በእንዲህ ዓይነት ቀን ነው። ሕጎቻችን ሳይቀሩ ሁለት ዓመት ይዘው ይኖራሉ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣው የአማርኛ ዓምድ 590/2000 ሲሆን በእንግሊዝኛው ዓምድ 590/2008 ነው። አዋጅ የሚያስቀምጥ ሲስተም ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ሕግ መሆናቸውን ካላወቀ፣ መረጃ የማግኘት መብትን የደነገገውን አዋጅ ራሱን ፈላጊው አያገኘውም። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሰነዱ ላይ የተጻፈውን ቀን እንዳለ በአንድ መስክ፣ አቆጣጠሩን በሌላ መስክ፣ ኮምፒውተሩ የሚያሰላበትን ቀን በሦስተኛ መስክ ማስቀመጥ ነው። ከባዱ፣ ሲስተሙ ሲነደፍ ይህን የሚያነሣ ሰው በስብሰባው ላይ መገኘቱ ነው።

የስም ጉዳይ ረጅም ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። ከውጭ የሚመጣ ሶፍትዌር የቤተሰብ ስም የሚል መስክ ይዞ ይመጣል፤ እኛ የአባትና የአያት ስም እንሞላበታለን፤ አባትና ልጅ ሁለት የተለያዩ ቤተሰቦች ሆነው ይመዘገባሉ። የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ኢትዮጵያዊን ደራሲ በራሱ ስም መመዝገብ እንደሚገባ ካወቁ ቆይቷል፤ የሶፍትዌር ሰዎች እስካሁን ከእነርሱ አልተማሩም።

ፊደላችን ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ለዓለም ፊደሎች የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ፊደሎቹን በላቲን ፊደል ቁጥሮች ላይ በራሱ መንገድ ይደረድራቸው ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ዛሬ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይታያል። በየትኛው ሶፍትዌር እንደተጻፈ የሚናገር አንድ መስመር አብሮት ቢቀመጥ ኖሮ መገልበጫ ሠንጠረዥ ሠርቶ መመለስ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። መስመሩ ከሌለ ግን ፕሮግራመሩ ፊደል በፊደል እየገመተ ይውላል።

ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ፍለጋው አልቀና። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ውሰዱ። የመጀመሪያው ድምፅ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ይጻፋል፤ ኸን አልቆጠርኩም። ሥ በሁለት መንገድ፣ ሴ በሁለት መንገድ ይጻፋሉ። ይህ ብቻ 24 አጻጻፍ ይሆናል፤ ስሙን አንድ ላይ የሚያያይዙና የሚለያዩ ሰዎች ስላሉ 48። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተር 48 ሰዎች። አንዳንድ ሲስተም ሠሪዎች ሰነዱ ሲገባ ፊደሎቹን ሁሉ ወደ አንድ ቀይረው ያስቀምጡታል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሲፈለግ አንድ ይደረጉ፤ ሲታይ ግን የጻፈው ሰው እንደጻፈው ይቆይ። አጻጻፉ ጸሐፊው የት እንደተማረና ሰነዱ በየትኛው ዘመን እንደተጻፈ የሚመሰክርበት ጊዜ አለ። ያንን ምስክርነት ለፍለጋ ምቾት ብሎ ማጥፋት የሰው ንብረት እንደማበላሸት ነው።

ከትምህርቱ ያገኘሁት ትልቁ ደስታ ግን እዚህ ላይ ነው። የካምብሪጅ ተመራማሪዋ ካረን ስፓርክ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ በጥቂት ሰነዶች ብቻ የሚገኝ ቃል በሁሉም ሰነድ ከሚገኝ ቃል የበለጠ ክብደት ሊሰጠው ይገባል አሉ። ዛሬ ብዙ የፍለጋ ሶፍትዌሮች ውጤት የሚደረድሩት ከዚህ ሐሳብ በወጣ ቀመር ነው። እኔም ያንን ሶፍትዌር ለዓመታት ስጭን ኖሬያለሁ፤ ለምን እንደዚያ እንደሚደረድር ያወቅሁት ግን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው። ቀመሩን ወደ አማርኛ አምጡት። መሬት፣ የመሬት፣ በመሬት፣ ከመሬቱ፣ ለመሬታችን፤ ማሽኑ እነዚህን አምስት ቃላት ይላቸዋል። «ለመሬታችን» በአንድ ሰነድ ብቻ ስለተገኘ ብርቅና ከባድ ሆኖ ይቆጠራል፤ ክብደቱን የሰጠው ሰዋስው እንጂ የጉዳዩ ብርቅነት አይደለም። ስለዚህ ቃሉን ወደ ግንዱ መመለስ ያስፈልጋል። ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት ይህን ለአማርኛ የሠሩበትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከፊት ያለ «በ» ወይም «ከ» ሁሉ መስተዋድድ ነው ብሎ የሚቆርጥ ፕሮግራም በቆሎን ቆሎ ያደርገዋል፤ ከተማን ደግሞ ምንም ያልሆነ ነገር። በግብርና ቢሮ ሰነዶች ላይ ይህ ምን እንደሚያስከትል አስቡት። ቋንቋውን የሚያውቅ ፕሮግራመር ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው። አማርኛ ተናጋሪ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ቋንቋውን ቆም ብሎ ያየው ሰው መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ፍለጋው ተሻሻለ ወይስ አልተሻሻለም የሚለው በምን ይታወቃል? በቢሮዎቻችን መልሱ የሚመጣው ከኃላፊው ስሜት ነው። በእንግሊዝ አገር በክራንፊልድ የኤሮኖቲክስ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ሲሪል ክሌቨርደን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ክርክሩን በመለኪያ ተኩት። ስለ አየር ፍሰት የተጻፉ 1,400 ሰነዶችና 225 ጥያቄዎች ተዘጋጁ፤ የትኛውን ጥያቄ የትኛው ሰነድ እንደሚመልስ አስቀድሞ ተለየ፤ ከዚያ ልዩ ልዩ የኢንዴክስ ዘዴዎች ተፈተኑ። ውጤቱ ብዙዎችን አላስደሰተም። ከሰነዱ ውስጥ የተወሰዱ ተራ ቃላት ተራቅቀው ከተዘጋጁት የምደባ ሥርዓቶች የባሱ ሆነው አልተገኙም። ከዚህ ሥራ የወሰድኳቸው ሁለት ጥያቄዎች ዛሬም አይለዩኝም፤ ሲስተሙ ካመጣው ውስጥ ስንቱ ይጠቅማል? ከሚጠቅመውስ ውስጥ ስንቱን አመጣ? የሕግ ክፍል አንድም ደብዳቤ እንዳይቀር ይፈልጋል፤ ለዚህም ብዙ ገለባ ለማበጠር ዝግጁ ነው። የደንበኞች አገልግሎት የመጀመሪያው መልስ ትክክል ከሆነ ይበቃዋል። ሁለቱን በአንድ የፍለጋ ሳጥን አስደስታለሁ የሚል ነጋዴ ሲመጣ፣ ከሠራተኞቻችን አፍ የሰበሰብናቸውን ጥያቄዎች እሰጠውና እዚያው እንዲሞክራቸው አደርጋለሁ።

የክራንፊልድን ውጤት ይዞ ታዲያ ስለ መግለጫ ምን አስጨነቀህ የሚለኝ ይኖራል። የክራንፊልድ ሰነዶች ጉዳያቸውን በቃላቸው የሚናገሩ የሳይንስ ጽሑፎች ነበሩ። ጉዳዩን የማይናገር ሰነድ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ለማንሣት እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረውን ሥራ ሳስብ ይህ ይበልጥ ይታየኛል። ወደ 9,000 የሚሆኑ መጻሕፍት ተነሥተው ቅጂው በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሴንት ጆንስ የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ፊልሙ ግን ለብቻው ጨለማ ነው። ብርሃን የሆነው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርታት ተቀምጠው ያዘጋጁት መግለጫ ነው። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ወንጌል የጸሎትና የንባብ መጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ በባዶ ቅጠሎቹና በኅዳጉ ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ የስምምነት ቃል ይጻፍበት ነበር። «አራቱ ወንጌል» ብሎ መዝግቦ የሚያልፍ ሰው አልዋሸም፤ ነገር ግን የመሬት ታሪክ የሚያጠናውን ሰው በሩ ላይ መለሰው። በጥሩ ካታሎግ እነዚህ ጭማሪዎች በየትኛው ቅጠል ላይ እንዳሉ ተለይቶ ይጻፋል። ይህን ለማድረግ ግዕዝ ማንበብ፣ የዘመኑን የእጅ ጽሕፈት መለየት፣ የነገሥታቱንና የጳጳሳቱን ስም ማወቅ ያስፈልጋል። መግለጫ መጻፍ የጸሐፊነት ሥራ ነው ብለው ለጀማሪ ሠራተኛ የሚጥሉትን ስሰማ ፕሮፌሰር ጌታቸውን እጠቅሳለሁ። የማክአርተር ሽልማት ተሸላሚ ነበሩ፤ ሲሠሩ የኖሩት ደግሞ ይህን ነበር።

ስለ ማጥፋትም ትምህርቱ ያስተምራል። የዳታቤዝ ሰው ማጥፋት ይፈራል፤ ሁሉን ያከማቻል። የግል መረጃን ስለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ ያለ ምክንያት ይዞ መቆየት ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። የትኛው መዝገብ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ማን ፈቅዶ እንደሚወገድ የሚያሳይ ሠንጠረዥ የሌለው መሥሪያ ቤት አስተዳደር አለው ለማለት ይከብደኛል።

አሁን ደግሞ ፋይላችሁን ስጡኝ፣ በአማርኛ ጠይቁኝ የሚል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲስተም በየቢሮው እየመጣ ነው። አልቃወመውም፤ በጉጉት እየሞከርኩት ነው። የሚሠራው ግን በአብዛኛው መጀመሪያ ሰነድ ፈልጎ፣ ያገኘውን አንብቦ፣ ከዚያ መልስ በመጻፍ ነው። የተሻረ መመሪያ ከፊቱ ከቀረበለት በተሻረው መመሪያ ይመልሳል፤ ያውም በተዋበ አማርኛ። መመሪያው መሻሩን፣ በየትኛው እንደተተካ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚናገር መስክ ከሌለ ማሽኑ ከየት ያመጣዋል? የመዛግብት አያያዝ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይኤስኦ 15489፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ በ2016 ሲሻሻልም፣ መዝገብ እውነተኛ፣ የሚታመን፣ ያልተነካካና ጥቅም ላይ ሊውል የሚችል ይሁን ይላል። እነዚህን አራቱን ነገሮች ከማሽኑ በፊት የሰው እጅ ነው የሚያሟላቸው።

የሰው እጅ ካልኩ፣ ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ያልተጻፈው ነው። ጁሊያን ኦር የተባለ አንትሮፖሎጂስት የዜሮክስ ኩባንያ የፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኞችን ተከትሎ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1996 በመጽሐፍ አወጣ። ጠጋኞቹ ብልሽቱን የሚፈቱት በማኑዋሉ ብቻ አልነበረም፤ ምሳ ላይ ተሰብስበው በሚነጋገሩት ወሬ ነበር፤ እንዲህ ያለ ማሽን ገጥሞኝ እንዲህ አድርጌ እየተባባሉ። ኩባንያው በኋላ ዩሬካ የሚባል ሲስተም ሠራ። ጠጋኙ ያገኘውን ዘዴ ይጽፋል፣ ባልደረቦቹ ያረጋግጡታል፣ ስሙ አብሮ ይቀመጣል። ስሙ አብሮ መቀመጡን አጥብቄ እይዛለሁ። ሰው ዕውቀቱን የሚሰጠው ሲከበርበት ነው፤ ስም በሌለው ፎርም ላይ ሙላ ሲባል ግን ለመገላገል ያህል ይሞላዋል።

እኛ ቢሮ ይህ ዕውቀት ያለው በብዛት መዝገብ ቤት ነው። ጡረታ ሊወጡ የደረሱ አንድ ትልቅ ሴት «እትዬ፣ ይኼ ፋይል ለምን በሁለት ቁጥር ተቀመጠ?» ስላቸው ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ፣ ያኔ መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ኋላ ሲዋሐድ ቁጥሩ እንዳለ ቀረ። የሁለተኛውን ከፈለግህ የግዥውን መዝገብ እይ» አሉኝ። በየጊዜው በሚከፈሉና በሚዋሐዱ መሥሪያ ቤቶች አገር ይህች መልስ ውድ ናት፤ በየትኛውም ዳታቤዝ ውስጥ የለችም።

ስለዚህ አንድ ነባር ሠራተኛ ሊወጣ ሲል መጠይቅ አልበትንም። የሥራ ልምድዎን ይግለጹ ተብሎ ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ የሥራ መደቡ መዘርዝር ነው። ከመደርደሪያው ፋይል አውጥቼ ፊታቸው አስቀምጣለሁ፤ ገጹን እየገለጡ ይናገራሉ፤ ይህን ማን ጻፈው፣ ለምን ዘገየ፣ ይህ ፊርማ የማን ነው፣ ይህ ግልባጭ ለምን ለእነርሱ ተላከ። አጠገባቸው ሥራውን የሚረከበው ወጣት ይቀመጣል፤ የሚጠይቀውም እርሱ ነው፤ ያልገባውን ከእኔ በተሻለ ያውቃልና። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ድምፁን እቀዳለሁ። ቅጂውን የማስቀምጠው በተናገሩበት ፋይል ቁጥር ሥር ነው፤ የተናገሩትን ሰው ሙሉ ስም፣ የጠየቀውን ወጣት ስም፣ ቀኑንም ከነአቆጣጠሩ ጨምሬ።